የውሃ ጉዳት የደረሰበት ኮርኒስ ጥገና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች በብዛት የሚነሡት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። መልሶቹ የተጻፉት በአዲስ አበባና በሌሎች የደጋ ከተሞች የሚገኙ የቆርቆሮ ጣሪያ ቤቶችንና ኮንዶሚኒየሞችን በማሰብ ነው። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ይሠመርበት፦ ኮርኒስ ራሱ አያፈስም። የሚያፈሰው ከበላዩ ያለው ነው። እሱ ሳይገኝ ለኮርኒሱ የሚወጣ ገንዘብ ሁሉ ውሃ የሚበላው ገንዘብ ነው።

ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ወጥቷል። ቀለም ቀቢ ልጥራ?

አሁን አይጥሩ። እርሳስ ይያዙና የክቡን ጠርዝ ዙሪያውን ያስምሩ፤ አጠገቡ ቀኑን ይጻፉ። ከሚቀጥለው ዝናብ በኋላ ተመልሰው ይዩት። እርጥበቱ ከመስመሩ ካለፈ ውሃው አሁንም እየገባ ነው። በርካታ ዝናብ ዘንቦ መስመሩ ባለበት ከቆየ ያዩት የድሮ ጠባሳ ነው፤ ያኔ ስለ ቀለም ማሰብ ይቻላል።

ክቡን ጠጋ ብለው ቢያዩት ብዙ ይነግርዎታል። ውሃው ሲወርድ አቧራ፣ የቆርቆሮ ዝገትና የእንጨት ቀለም ይዞ ይመጣል፤ ሲደርቅ የያዘውን ሁሉ ጠርዝ ላይ ጥሎት ይሄዳል። መሐሉ ነጣ ብሎ ዳሩ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ሦስት ክቦች ካዩ ቦታው በተደጋጋሚ ርሶ ደርቋል ማለት ነው፤ ችግሩ የሰነበተ ነው።

ውሃው ከየት እንደሚገባ እንዴት አውቃለሁ?

ወደ ጣሪያ ከመውጣትዎ በፊት የሚንጠባጠብበትን ጊዜ ይከታተሉ። ጊዜው ከመሰላል በፊት ብዙ ያሳያል።

በማንኛውም ዝናብ የሚንጠባጠብ ከሆነ የሚስማር ቀዳዳ፣ የዛገ ቆርቆሮ ወይም የተዘጋ አሸንዳ ይጠርጥሩ። ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ሲመጣ ብቻ ከሆነ ቆርቆሮው ከግድግዳ የሚገናኝበትን ቦታና የቆርቆሮዎቹን መደራረቢያ ይዩ፤ ነፋሱ ውሃውን በመጋጠሚያው ሽቅብ ይገፋዋል። በረዶ ከጣለ በኋላ የሚመጣ ውሃ ብዙ ሰው ያደናግራል። በረዶው አሸንዳው ውስጥ ተከምሮ መፍሰሻውን ይዘጋል፣ የቀለጠው መሄጃ ያጣና ወደ ኋላ ተመልሶ በቆርቆሮው ስር ይገባል። ጣሪያው አንድም ቀዳዳ ሳይኖረው ኮርኒሱ ይበላሻል። መድኃኒቱ አሸንዳውን መጥረግ፣ ሲያስፈልግም ማስፋት ነው።

በበጋ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ የሚንጠባጠብ ከሆነስ? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖሩ ከሆነ ነጠብጣቡን ከፈረቃው ቀን ጋር ያነጻጽሩ። ሌሊት ውሃ ሲመጣ ሮቶው ይሞላል፤ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ ከተበላሸ ደግሞ ሞልቶ ይፈስሳል። ጠዋት ሰው ሲነሣ ሁሉም ነገር ጸጥ ያለ ስለሚሆን ጥፋተኛው ሳይታወቅ ወራት ያልፋሉ። ከፈረቃ ጋር ካልተያያዘ የቤቱን ቧንቧዎች በሙሉ ዘግተው የውሃ ቆጣሪውን ይዩ። ማንም ሳይጠቀም የሚዞር ቆጣሪ የተሰበረ ቧንቧ እንዳለ ይናገራል።

በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ፣ ንጋት ላይ ብቻ የሚታይ እርጥበት ሌላ ነገር ነው። ከማእድ ቤትና ከሰው እስትንፋስ የሚነሣው እንፋሎት ሌሊት ከቀዘቀዘው ቆርቆሮ ጋር ሲገናኝ ጠል ሆኖ ይንጠባጠባል። እዚህ ላይ መደፈን ያለበት ቀዳዳ የለም። በጣሪያውና በኮርኒሱ መካከል አየር የሚመላለስበት መተንፈሻ መክፈትና የማእድ ቤቱን እንፋሎት ወደ ውጭ ማስወጣት ይበቃል።

ዝናብ መሆኑን ካረጋገጡ በፀሐይ ቀን ወደ ጣሪያው ሥር ይግቡና መብራት አጥፍተው ቀና ይበሉ። ቀዳዳዎቹ በብርሃን ነጥብ ይታያሉ። ነጥቡ ግን ኮርኒሱ ላይ ካለው ክብ በላይ በቀጥታ ላይሆን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜም አይደለም። ውሃው በቀዳዳው ገብቶ ሞራሌውን (ቆርቆሮውና ኮርኒሱ የሚመቱበትን እንጨት) ተከትሎ አንድ ሁለት ሜትር ቁልቁል ይሄድና ሚስማር ወይም ጉጥ ሲያገኝ ይወርዳል። እንጨቱ ላይ የቀረውን የውሃ መንገድ እየተከተሉ ወደ ዳገቱ፣ ማለትም ወደ ጣሪያው አናት ይፈልጉ።

ምንም ብርሃን ካልታየ ሁለት ሰው ሆናችሁ በጎማ ውሃ ሞክሩ። አንዱ ውጭ ሆኖ ከታችኛው ጫፍ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ላይ እየጨመረ ያጠጣ፤ እያንዳንዱ ቦታ ላይ አሥር ደቂቃ ያህል ይቆይ። ሌላው ውስጥ ሆኖ ይመልከት። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም ቦታ ስለሚያረጥብ ጥፋተኛውን መለየት አይቻልም።

ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው የሚስማር መስመሩን ተከትሎ ይርገጥ፤ ከስሩ ሞራሌ ያለው እዚያ ነው። እርጥብ ቆርቆሮ ላይ ማንም አይውጣ። ሌላም አንድ ነገር፦ ባለፉት ወራት ዲሽ ለማስተካከል ጣሪያ ላይ የወጣ ሰው ካለ እሱ የረገጠውን አካባቢ አስቀድመው ይፈትሹ።

ኮርኒሱ አብጦ ተንጠልጥሏል። ምን ላድርግ?

ይህ ጥያቄ ስለ ሕይወት ነው፤ ጥገናው ይቆየን። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ቢጠራቀም አሥር ሊትር ነው፤ አሥር ኪሎ ይመዝናል። እሱ ላይ የራሰው ቺፕውድ ወይም ጂፕሰም ሲጨመር ከስሩ ለተኛ ሕፃን ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት።

ሰዎችን ከክፍሉ ያስወጡ። የኤሌክትሪክ መስመሩን ከብሬከሩ ያጥፉ፤ ብሬከሩ ያለበት ቦታ ራሱ እርጥብ ከሆነ አይንኩት፣ ባለሙያ ይጥሩ። የመብራቱ ክዳን ውስጥ ውሃ ካዩ ማብሪያና ማጥፊያውንም አይንኩ። ከዚያ ባልዲ አቅርበው፣ ረጅም ደረቅ እንጨት ጫፍ ላይ ሹል ነገር አስረው፣ ወደ ጎን ቆመው በጣም ያበጠውን ቦታ ትንሽ ይብሱት። በአንድ ትንሽ ቀዳዳ ቀስ ብሎ ቢወርድ ይሻላል፤ ካልተበሳ ክብደቱ መላውን ሰሌዳ ይዞት ይመጣል። በማዳበሪያ ከረጢት የተወጠረ ኮርኒስ በተለይ አታላይ ነው። ውሃ ቶሎ ስለማያሳልፍ ሳይንጠባጠብ ብዙ ሊሸከም ይችላል።

የትኛው ኮርኒስ ይድናል፣ የትኛው ይጣላል?

ቺፕውድ አንዴ ካበጠ አይመለስም። ፍርፋሪውን የያዘው ሙጫ ለቋል፤ ቢደርቅም ሲጫኑት ይፈረፈራል። የተበላሸውን ሰሌዳ ከሞራሌ እስከ ሞራሌ አውጥተው በአዲስ ይተኩ።

ጂፕሰም የሚለካው በጣት ነው። ከደረቀ በኋላ ቦታውን ጫን ያድርጉት። ጠንካራ ከሆነና ወረቀቱ ካልተላቀቀ ይድናል። ከሰረጎደ፣ ከተልፈሰፈሰ ወይም ሲያንኳኩት የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ይቆረጥ።

ፒቪሲ ራሱ በውሃ አይበላሽም፤ ነገር ግን ከበላዩ ያለውን እርጥብ እንጨት ይሸፍናል። ሁለት ሦስት ሰሌዳ አውልቀው ሞራሌውን ሳያዩ «ምንም አልሆነም» ብለው አይለፉት።

የአቡጀዲ ኮርኒስ በድሮ የጭቃ ቤቶች አሁንም አለ፤ እንዲህ ያለውን ቤት በቀላሉ «አፍርሱት» ማለት ተገቢ አይመስለኝም። ጨርቁ ካልበሰበሰ ከአንድ ወገን ፈትቶ የተጠራቀመውን አፈርና የአይጥ ጥራጊ ማውረድ፣ አጥቦ ማድረቅ፣ የተቀደደውን መስፋት፣ እንደገና መወጠርና መቀባት ይቻላል። ሲያወርዱት ግን አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ የዓመታት አቧራ ነው።

ለእንቁጣጣሽ ቤቱን ማሳመር እፈልጋለሁ። ኮርኒሱን በጳጉሜን ብቀባው ምን አለበት?

ስሜቱ ይገባኛል። ዘመን ሲለወጥ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ቡናማ ክብ ከራስ በላይ ማየት ደስ አይልም። ነገር ግን በጳጉሜን ዝናቡ ገና አልወጣም፤ ጣሪያው አልደረቀም፤ ከኮርኒሱ በላይ ያለው እንጨት ውሃ ጠጥቶ ተቀምጧል። በዚያ ላይ የሚቀባ ቀለም እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፤ ለመስቀል ሳይደርስ መላጥ ይጀምራል። በየዓመቱ በነሐሴ መጨረሻ የሚቀባ፣ በየዓመቱም የሚላጥ ኮርኒስ ያለበት ቤት ብዙ ነው።

የሚሻለው ውሃውን በክረምቱ ማስቆም፣ ኮርኒሱን መስከረም ሙሉ ማድረቅና በጥቅምት መቀባት ነው። ለበዓሉ ቦታውን ለማየት ካልፈለጉ ነጭ ጨርቅ ወጥረው ያሳልፉት። ቀለሙ አንድ ወር ቢዘገይ ማንም አይቀየምዎትም።

መድረቁን ለማወቅ በግምት አይሂዱ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ቦታው ላይ በፕላስተር አራቱንም ጎን አሽገው ይለጥፉ። ከ24 ሰዓት በኋላ ላስቲኩ ውስጥ ጤዛ ከታየ ወይም የተሸፈነው ቦታ ከአካባቢው ከጠቆረ ገና ነው። ሶሌታ፣ ማለትም ከራስ በላይ ያለው የኮንክሪት ንጣፍ፣ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

የተበላሸውን የጂፕሰም ክፍል ራሴ መለወጥ እችላለሁ?

መሰላል ላይ ተረጋግቶ መቆም የሚችልና የማይቸኩል ሰው ይችላል። ከመቁረጥዎ በፊት ከጀርባው የኤሌክትሪክ ሽቦ መኖር አለመኖሩን ያረጋግጡና መስመሩን ያጥፉ። የተበላሸውን ብቻ ተከትለው ክብ አድርገው አይቁረጡ፤ አራት ማዕዘን አድርገው፣ በሁለቱም ወገን እስከ ተሸካሚው እንጨት ወይም ብረት መሐል ድረስ ይቁረጡ። አዲሱ ቁራጭ የሚታሰረው እዚያ ላይ ነው። ተሸካሚው ሩቅ ከሆነ ከጀርባ ተጨማሪ እንጨት ያስገቡ።

ተሸካሚውንም ይፈትሹ፦ እንጨቱን በቢላዋ ጫፍ ወጋ ያድርጉት፤ በቀላሉ ከገባ በስብሷል። አዲሱ ሰሌዳ ከአሮጌው እኩል ውፍረት ይኑረው። ብሎኖቹን በ20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቀት ይሰሩ፤ ራሳቸው ከወረቀቱ ትንሽ ዝቅ ይበል እንጂ ወረቀቱን አይቅደድ፤ ወረቀቱ ከተቀደደ ብሎኑ የሚይዘው ነገር የለም።

መጋጠሚያው ላይ መረብ ያለው ፕላስተር ሳይለጥፉ ስቱኮ አይቀቡ፤ የሚሰነጠቀው በዚህ ምክንያት ነው። ስቱኮውን በሦስት ስስ ዙር፣ እያንዳንዱን ዙር ከፊተኛው ሰፋ አድርገው ይሳቡ፤ በየመሐሉ ይድረቅ። አንዴ ወፍራም አድርጎ መለሰን ሥራውን የሚያፋጥን ይመስላል፣ ግን ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ያልስልሱት። ማለስለሱን ሲፈትሹ የእጅ ባትሪ ከጎን ያብሩ፤ ከፊት ለፊት ብርሃን የማይታየው እብጠት ሁሉ ጥላ ይጥላል።

ቀብቼው ነበር፤ ቡናማው እንደገና ወጣ። ቀለሙ መጥፎ ስለሆነ ነው?

ቀለሙን አይውቀሱ። በውሃ የሚቀጥን የግድግዳ ቀለም ሲቀቡ ውሃው ጠባሳውን እንደገና ያሟሟዋል፤ ቀለሙ ሲደርቅ ቡናማው አብሮ ወደ ላይ ይወጣል። አምስት ጊዜ ቢቀቡት አምስት ጊዜ ይመጣል። ቦታው ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ መጀመሪያ ጠባሳውን የሚይዝ በዘይት የተሠራ ፕራይመር ወይም ስስ የዘይት ቀለም ከክቡ ጠርዝ አልፎ ይቀባ። በደንብ ሲደርቅ የተለመደው ቀለም ከላዩ ይመጣል። የዘይት ቀለም ሽታው ከባድ ስለሆነ መስኮት ይከፈት፤ እሳትም አይቅረብ።

አዲሱ ቀለም ከአሮጌው ጋር ተመሳስሎ እንዲታይ ከፈለጉ የክፍሉን ኮርኒስ በሙሉ ይቀቡ። የተጠገነው ቦታ ብቻ ከተቀባ ሌላ ዓይነት ክብ ነው የሚያዩት።

ጥቁር ሻጋታ አለው። በረኪና ይበቃል?

በሶሌታና በተቀባ ጠንካራ ገጽ ላይ ይሠራል። በራሰ ጂፕሰም፣ በቺፕውድና በጨርቅ ላይ ግን ላዩን ብቻ ያነጣዋል፤ ሥሩ ውስጥ ይቀራል። የሻገተ ቺፕውድና ጂፕሰም ይቆረጥና በፌስታል ታሽጎ ይውጣ። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያድርጉ፤ ደረቅ ሻጋታ በመጥረጊያ አይጥረጉ፤ ብናኙ ቤቱን ሁሉ ያዳርሳል። አስም ያለበት ሰው ወይም ሕፃን በዚያ ክፍል አይተኛ።

በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ወይም አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል።

ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ከላይኛው ጎረቤት መታጠቢያ ቤት ይንጠባጠባል። ኃላፊው ማን ነው?

በሕግ ቋንቋ ከመነጋገር በፊት ሄደው አብረው እንዲያዩት ይጋብዟቸው። ላይ ያሉት ሰዎች የእርስዎን ኮርኒስ አይተውት አያውቁም፤ ከነሱ ወለል ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። «ወንድሜ፣ እስቲ አንዴ ወርደህ እየው» የሚል ግብዣ ከደብዳቤ ይቀድማል።

ምክንያቱን ለማረጋገጥ ቀላል ሙከራ አለ። የመታጠቢያ ቤቱ የወለል መፍሰሻ ይደፈንና ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ተሞልቶ ደረጃው ምልክት ይደረግበት፤ ውሃው ላይ የምግብ ቀለም ጠብ ቢደረግ ደግሞ የተሻለ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ከእርስዎ ኮርኒስ ቀለም ያለው ውሃ ከመጣ ችግሩ የወለሉ ውሃ መከላከያ ነው። ምንም ካልመጣ መፍሰሻውን ከፍተው ውሃውን በአንዴ ይልቀቁት፤ ያኔ ከመጣ ጥፋቱ የፍሳሽ ቧንቧው ነው። በሁለቱም ካልመጣ የንጹሕ ውሃ መስመሩ ይፈተሽ።

ካልተግባባችሁ ወደ ሕንፃው የነዋሪዎች ማኅበር ይሂዱ። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግል ይዞታንና የጋራ መጠቀሚያን ለይቶ ያስቀምጣል። ብዙ ቤቶችን የሚያገለግል መስመር ወይም የሕንፃው ጣሪያ ከሆነ ጥያቄው ከጎረቤት ሳይሆን ከማኅበሩ ጋር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ፎቶግራፍ ከነቀኑ፣ የጥገና ደረሰኝና የጻፉትን ማመልከቻ ቅጂ ያስቀምጡ።

ሶሌታው ተልጦ ፌሮ (በኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ብረት) ይታያል። በሲሚንቶ ልለስነው?

እባክዎ አይለስኑት። ብረት ሲዝግ ቦታው ይሰፋል፤ ኮንክሪቱን እየገፋ የሚጥለውም ያ ዝገት ነው። በላዩ የሚለሰን ሲሚንቶ ዝገቱን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ አያቆመውም፤ አንድ ቀን በቁራሽ ይወርዳል። በመዶሻ እጀታ ዙሪያውን ያንኳኩ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ሁሉ ተላቋል። ስፋቱ ከእጅ መዳፍ ካለፈ ወይም ፌሮው ከሳሳ መሐንዲስ ሳያየው አይነካ። ትክክለኛው ጥገና የተላቀቀውን እስከ ፌሮው ጀርባ ድረስ ማንሣት፣ ዝገቱን እስኪያበራ መፈግፈግ፣ ጸረ ዝገት መቀባትና ለዚሁ በተዘጋጀ ሞርታር መሙላት ነው።

ነጭ ዱቄት ብቻ ከሆነ የታየው አይደንግጡ፤ ውሃው ከሲሚንቶው ይዞት የወጣ ጨው ነው። በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት። በውሃ ካጠቡት ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል።

የቆርቆሮውን ቀዳዳ በምን ልድፈን?

ሬንጅና ጨርቅ ለክረምቱ ያሻግራሉ፤ ፀሐይ ሲያገኛቸው ግን ይሰነጠቃሉ። ብዙው ማፍሰስ የሚመጣው ከሚስማር ነው፤ ቆርቆሮው ቀን በፀሐይ እየተለጠጠ ሌሊት በብርድ እየተኮማተረ ሚስማሩን ይነቅለዋል። ያንኑ ሚስማር መልሶ መምታት ቀዳዳውን ያሰፋዋል። አውጥተው ወፈር ያለ ብሎን ከነጎማው ያስገቡ። የሚመታውም በቆርቆሮው ጀርባ፣ ማለትም ከፍ ባለው ሞገድ ላይ ነው፤ ውሃ በሚሄድበት ቦይ ላይ የተመታ ሚስማር ዛሬ ባያፈስ ነገ ያፈሳል።

በዝገት የተበላ ቆርቆሮ ይለወጥ እንጂ አይደፈን። ሲገዙ ያስታውሱ፦ የጌጅ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 28 ከ32 ይወፍራል። ቁልቁል ሲደራረብ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ጎን ደግሞ አንድ ተኩል ሞገድ ይደረብ።

ሠራተኛ ስቀጥር ምን ልጠይቅ?

«ውሃው ከየት ነው የሚገባው?» ብለው ይጠይቁ። ጣሪያ ላይ ሳይወጣ ዋጋ የሚናገር ሰው የሚሸጥልዎ ቀለም ነው። የጣሪያውንና የኮርኒሱን ሥራ ለሁለት ከፍለው ይዋዋሉ፤ የጣሪያው ሥራ እንዳለቀ የተወሰነ ክፍያ ያቆዩና አንድ ጠንካራ ዝናብ ወይም የጎማ ውሃ ሙከራ ካለፈ በኋላ ይክፈሉ። ኮርኒሱ የሚጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። የተነሣውን አሮጌ ሰሌዳ ማን እንደሚያወጣም አስቀድመው ይስማሙ፤ ካልተስማሙ በርዎ ላይ ይቀራል።

ተከራይ ነኝ። እኔ ነኝ የማሠራው?

ለአከራይዎ ዛሬውኑ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ የስልክ መልእክትም ይበቃል። የጣሪያና የቧንቧ ጥገና በአብዛኛው የባለቤቱ ነው፤ ነገር ግን ውላችሁ ምን እንደሚል ያንብቡ። ራስዎ አሠርተው ከኪራይ ለማቀናነስ ካሰቡ አስቀድመው የአከራዩን ፈቃድ በጽሑፍ ይያዙ። የቀበሌ ቤት ከሆነ ደግሞ ጣሪያው ከመነካቱ በፊት ወረዳውን ይጠይቁ።

በየዓመቱ እንዳይደገም መቼ ምን ላድርግ?

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለጣሪያ ነው ቢባል ያስኬዳል። በግንቦት፣ ዋናው ክረምት ሳይገባ፣ አሸንዳውን ከባሕር ዛፍና ከጥድ ቅጠል ያጽዱ፣ መውረጃው ውስጥ አንድ ባልዲ ውሃ ለቀው በሙሉ መውጣቱን ይዩ። የተነሡ ሚስማሮችን ይለውጡ። ቆርቆሮው ላይ የሚንተራስ ቅርንጫፍ ካለ ይቆረጥ፤ በነፋስ እየፈተገ ሽፋኑን ይልጠዋል። በሐምሌ አጋማሽ ደግሞ አንድ ጊዜ የእጅ ባትሪ ይዘው ከኮርኒሱ በላይ ይመልከቱ፤ እንጨቱ ላይ ጠቆር ያለ እርጥብ መስመር ካገኙ ከስሩ ጣሳ አስቀምጠው ውሃውን ይያዙና ፀሐይ የወጣበትን የመጀመሪያ ቀን ለጥገናው ይጠቀሙበት።